መኪናው ሲያድር ባትሪውም ይረፍ፦ ስለ ባትሪ ማጥፊያ አጠቃቀም

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መኪና ባትሪ ነው። ይበልጡንም ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ዕቃዋ የባትሪ ማጥፊያ ትባላለች። ሥራዋ አንድ ነው። ባትሪውን ከመኪናው ታለያያለች፤ መልሳም ታገናኛለች። በቤታችን ግድግዳ ላይ መብራት የምናበራበትንና የምናጠፋበትን ዕቃ ታውቃላችሁ። ይህችም እንደዚያው ናት። ልዩነቱ ይህች አንድ አምፖል ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ኤሌክትሪክ በሙሉ በአንድ ጊዜ ማጥፋቷ ነው።

«ታዲያ ይህ የሹፌር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ አካባቢያችንን እንመልከት። እንጅባራና ዳንግላ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒ የሚሄድ መንገድ ይነሣል። ድንቹ፣ ቀርከሃው፣ ከሰሉ፣ እህሉ በዚህ መንገድ የሚጓዘው በመኪና ነው። ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በመኪና ነው። መኪናው ጧት አልነሣም ካለ የሚጎዳው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ባለ ድንቹ ገበያ ያመልጠዋል። በሽተኛው ቀን ያልፍበታል። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

በመንገዳችን ላይ ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ የጭነት መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና አውቶሞቢሎች ዛሬም እየሠሩ እንጀራ ያበላሉ። አዲስ መኪና መግዛት ለብዙ ሰው የማይቻል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። እንግዲህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማኖር ግድ ነው ማለት ነው።

ፈረሱና መኪናው

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስንማር አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውናል። ተማሪ የማያውቀውን ነገር ስታስተምሩ ከሚያውቀው ነገር ተነሡ ብለውናል። የአዊ ሰው ደግሞ ከምንም በላይ ፈረስ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ያላየ ወይም ያልሰማ ሰው በአካባቢያችን አይገኝም። ስለዚህ ከፈረስ እንነሣ።

ባለ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጋልቦ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ልጓሙን ያወልቃል። መቀመጫውን ያላላል። ኮርቻውን ያወርዳል። ከዚያ ፈረሱን ያበላል፣ ያሳርፋል። ኮርቻ እንደተጫነ የሚያድር ፈረስ ጀርባው ይላጣል፤ ጧትም ጉልበት አይኖረውም። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

መኪናስ? ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። መኪናው ያረፈ ይመስላል። ባትሪው ግን አላረፈም። ከሽቦዎቹ ጋር እንደታሰረ ነው። ኮርቻው አልወረደለትም። በአዲስ መኪና ላይ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በአሮጌ መኪና ላይ ግን ይጎዳል። እንዴት እንደሚጎዳ አሁን እናያለን።

ባትሪ ምንድን ነው?

ባትሪ የኤሌክትሪክ ጎተራ ነው። በውስጡ የእርሳስ ብረት ሰሌዳዎችና በውሃ የቀጠነ አሲድ አሉ። የዚህ ዓይነቱን ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1859 ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኞቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው ባትሪ ከዚያ የመጣ ነው።

የአንድ ተራ አውቶሞቢል ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስድስት ጊዜ ሁለት ስንት ነው? አሥራ ሁለት። ስለዚህ ባትሪው ባለ 12 ቮልት ይባላል። በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ።

የባትሪው ዋና ሥራ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ድሮ ሞተር የሚነሣው በሰው ክንድ ነበር። ማኖቬላ የሚባል የተቆለመመ ብረት ከፊት ለፊት ገብቶ በእጅ ይዞር ነበር። ብዙ ሰው በማኖቬላ እጁ ተሰብሯል። በፈረንጆች 1912 ካዲላክ የሚባለው የአሜሪካ መኪና በኤሌክትሪክ ማስነሻ ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የክንዱን ሥራ ባትሪ ተረከበው። ሥራው ግን ከባድ ነው። ሞተር ለማስነሣት ባትሪው ለጥቂት ሴኮንዶች ከመቶ አምፔር በላይ ማውጣት አለበት።

አምፔር ምንድን ነው? በሽቦ ውስጥ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ ብዛት መለኪያ ነው። በቦይ የሚሄድ ውሃ ጥቂት ወይም ብዙ ሊሆን ይችላል አይደል? ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ቮልት ደግሞ የግፊቱ ኃይል ነው።

መኪናው ቆሞ ባትሪው ለምን ያልቃል?

አሁን እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁኝ ጻፉ።

በባትሪው ጎን ላይ 60 የሚል ቁጥር አለ እንበል። ይህ 60 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። በየሰዓቱ 1 አምፔር ቢቀዳበት ለ60 ሰዓት ያህል ይቆያል። ግማሽ አምፔር ቢቀዳበት ደግሞ 120 ሰዓት ያህል ይቆያል ማለት ነው።

በአሮጌ መኪና ላይ ሳይታይ የሚቀዳ ነገር ብዙ ነው። የሽቦው የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀትና በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል። በክረምት ጭቃና እርጥበት በስንጥቁ ይገባል። አይጥም ሽቦ ይቆረጥማል። በየጊዜው የተለያየ ሰው ሬዲዮ፣ ተጨማሪ መብራት፣ ክላክስ እያለ አዲስ ሽቦ ይቀጥልበታል። የዕቃ መጫኛው ትንሽ አምፖልም በሩ ደህና ስላልገጠመ ሲበራ ሊያድር ይችላል። ዲናሞው ራሱ ሲበላሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ያፈስሳል።

እንግዲህ አንድ ሹፌር ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት መኪናውን እንጅባራ አቁሞ ወደ ቤተሰቡ ሄደ እንበል። ሰኞ ጧት በ12 ሰዓት ተመለሰ። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ስንት ሰዓት ነው? 60 ሰዓት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየሰዓቱ ግማሽ አምፔር ብቻ ፈስሷል። ግማሽ ሲባዛ በ60፣ ውጤቱ 30 ነው። ከ60 ላይ 30 ሄደ። የባትሪው እኩሌታ አለቀ ማለት ነው። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልሰረቀውም። ባትሪው ግን ግማሽ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ላይ የእንጅባራ ብርድ አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በብርድ ጊዜ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል። የሞተሩ ዘይትም ይወፍራል። ስለዚህ ባትሪው በደከመበት ሰዓት ሞተሩ ይበልጥ ይከብደዋል። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ «ግ...ግ...ግ» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ «ግፉልኝ» ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ቁልቁለት ካለ ደግነት ነው።

ነገሩ በመግፋት ብቻ አያበቃም። ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ከተራገፈ በሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ነገር ይደርቅበታል። የደረቀው ነገር ባትሪው ኃይል እንዳይቀበል ያግደዋል። ዓመታት ሊያገለግል የሚችለው ባትሪ በአጭር ጊዜ ይሞታል። አዲስ ባትሪ ስንት ብር እንደሆነ የምትገዙት ታውቁታላችሁ።

እሳትስ ከየት ይመጣል?

ከጎደለ ባትሪ የሚከፋ ነገር ደግሞ አለ። እሱም እሳት ነው።

ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ያገኛል። ከባትሪው ብዙ መቶ አምፔር በአንድ ጊዜ ሊሮጥ ይችላል። ሽቦው እንደ ጋለ ብረት ይቀላል። በአጠገቡ ያለው ፕላስቲክ፣ ዘይትና ነዳጅ ይያያዛል።

«ፊውዝ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ፊውዝ አለ። ፊውዝ ማለት ብዙ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱ ተቃጥሎ መንገዱን የሚዘጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ነገር ግን በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባትሪው ወደ ሞተር ማስነሻው የሚሄደው ወፍራሙ ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። በየመንደሩ የተቀጠሉት ሽቦዎችም ብዙ ጊዜ ያለ ፊውዝ የተቀጠሉ ናቸው። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ የሚያስርም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት ትቶ እንደተኛ ይቆጠራል።

በአካባቢያችን የሚጫነውን ዕቃ ደግሞ አስቡ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ከሰሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከሰል፣ ደረቅ ቀርከሃ፣ ጭድ፣ ሣር፤ እነዚህ ሁሉ እሳት ወዳጆች ናቸው። በጭነቱ ሥር ያለች አንዲት የተላጠች የኋላ መብራት ሽቦ ሌሊት ብልጭ ብትል ማን ያያታል? ሹፌሩ ተኝቷል። ረዳቱም አንዳንድ ጊዜ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ንብረት ብቻ ሳይሆን ሰው ነው እዚያ ያለው።

ባትሪው ማታ ተለያይቶ ከሆነ ግን በዚያች የተላጠች ሽቦ ውስጥ የሚሄድ ነገር የለም። ብልጭታም የለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

እርግጥ የመኪና እሳት ሁሉ ከሽቦ አይነሣም። ከሰል ራሱ ደህና ሳይቀዘቅዝ ከተጫነ ከውስጡ ሊያያዝ ይችላል። የባትሪ ማጥፊያ ይህን አያስቀርም። ከሽቦ የሚነሣውን ግን ያስቀራል።

ማጥፊያው ምን ይመስላል? የትስ ይገጠማል?

የባትሪ ማጥፊያ ሦስት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው ቢላዋ ይመስላል። እጀታው ሲነሣ ይለያያል፤ ሲወርድ ይገናኛል። ሁለተኛው ክብ መዘውር አለው። መዘውሩን ወደ ግራ እያዞሩ ሲያላሉት ይለያያል፤ ወደ ቀኝ ሲያጠብቁት ይገናኛል። እነዚህ ሁለቱ በባትሪው ራስ ላይ ይታሰራሉ። ሦስተኛው ከባትሪው ራቅ ብሎ በኬብሉ መካከል የሚገባ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀይ ቁልፍ አለው። ቁልፉ ሲዞር ይለያያል፤ ተነቅሎም ኪስ ውስጥ ይገባል።

በአንዳንድ ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ላይ ማጥፊያው ከፋብሪካው ተገጥሞ ይመጣል። ነዳጅ በሚጭኑ ቦቴዎች ላይ ማጥፊያ መኖር እንዳለበት በብዙ አገሮች በሕግ ተደንግጓል። ለቦቴ ያስፈለገ ነገር ከሰል ለጫነ አሮጌ መኪና አያስፈልግም ትላላችሁ?

አሁን ስለ አገጣጠሙ። ባትሪው ሁለት ራሶች አሉት። በአንደኛው አጠገብ የመደመር ምልክት አለ፤ ፖዘቲቭ ይባላል። በሌላው አጠገብ የመቀነስ ምልክት፣ ማለት አንድ አግድም መስመር አለ፤ ነጌቲቭ ይባላል። በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ የነጌቲቩ ኬብል ከመኪናው ብረት አካል ጋር የታሰረ ነው። ማጥፊያው የሚገባው በዚህ ኬብል ላይ ነው። ለምን? የመኪናው ብረት ሁሉ ከነጌቲቩ ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ነጌቲቩን ስትፈቱ መፍቻችሁ ብረት ቢነካ ምንም አይሆንም። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ግን መፍቻው ብረት ከነካ እሳት ይረጫል።

ስለዚህ ይህንን ሕግ በቃላችሁ ያዙ። ሲፈታ ነጌቲቭ መጀመሪያ። ሲታሰር ነጌቲቭ መጨረሻ።

አንዳንድ በጣም የቆዩ መኪናዎች፣ በተለይ ጥንት በእንግሊዝ አገር ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ የተገላቢጦሽ ናቸው። ከብረቱ ጋር የታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ስለዚህ በግምት አትሥሩ። ማጥፊያውን የሚገጥመው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን።

ማጥፊያ ስትገዙም ሁለት ነገር ጠይቁ። ለ12 ቮልት ነው ወይስ ለ24? የሞተር ማስነሻውን አምፔር ይችላል ወይ? ማጥፊያው ቀጭንና ደካማ ከሆነ ራሱ ግሎ ይቀልጣል። እሳት ለመከላከል የገዛችሁት ዕቃ እሳት ያመጣባችኋል። የቤት መብራት ማጥፊያ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

ማታ እንዲህ አድርጉ

አንደኛ፣ መኪናውን በደህና ቦታ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ።
ሁለተኛ፣ መብራቱን፣ ሬዲዮውንና የዝናብ መጥረጊያውን አጥፉ። በኤሌክትሪክ የሚዘጋ መስኮት ካለ ዝጉ።
ሦስተኛ፣ ሞተሩን አጥፉ። ቁልፉን ንቀሉ።
አራተኛ፣ የባትሪ ማጥፊያውን አጥፉ።
አምስተኛ፣ ፈትሹ። የውስጥ መብራቱን ለማብራት ሞክሩ። ካልበራ ባትሪው በእርግጥ ተለያይቷል።

ጧት እንዲህ አድርጉ

አንደኛ፣ መብራቱም ሬዲዮውም የጠፋ መሆኑን፣ ቁልፉም ያልተሰካ መሆኑን እዩ።
ሁለተኛ፣ የባትሪ ማጥፊያውን አገናኙ። መዘውር ካለው ጥብቅ አድርጉት። ከላላ ይግላል።
ሦስተኛ፣ ቁልፉን አስገብታችሁ ሞተሩን አስነሡ።

ይህ ሁሉ የሚወስደው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ኮርቻ ከማውረድ ይቀላል።

የማይደረጉ ነገሮች

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙ። አንድ ረዳት ሹፌሩን እንዲህ ብሎ ጠየቀው እንበል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እየሠራ እያለ ባትሪውን ላጥፋው?»

«ተው ልጄ! ዲናሞውን ልታቃጥለው ነው? መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ።»

ሹፌሩ ልክ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ባትሪው ይልካል። ባለሙያዎች ይህን ዲናሞ አልተርኔተር ይሉታል። ባትሪው በድንገት ሲለያይ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መግቢያ ያጣል። ቮልቱ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ዲናሞው ይቃጠላል፤ አምፖሎችም ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሞተር እየሠራ የባትሪ ማጥፊያ አይነካም። የሚነካው አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው። መኪናው ከተገለበጠ ወይም ጭስ ከታየ መጀመሪያ ሞተሩን በቁልፉ አጥፉ፤ ወዲያው ሰው አርቁ። ከዚያ የሚያሰጋ ካልሆነ ባትሪውን ለዩ።

ባትሪው ኃይል ሲሞላ የሚቃጠል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ አይታይም። ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፤ አሲዱም ይረጫል። ስለዚህ በባትሪ አጠገብ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ሻማ አይቅረብ። በጨለማ ጊዜ በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት እዩ። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በጋራዥ የመኪናው አካል በኤሌክትሪክ ሲበየድ ባትሪው ተለያይቶ ይሁን። የብየዳው ኃይል በሽቦዎቹ ገብቶ ዲናሞውን ሊያበላሽ ይችላል።

አዲስና ኮምፒውተር ያለበት መኪና ከሆነ ባለሙያ ሳትጠይቁ ማጥፊያ አትግጠሙ። ባትሪው ሲለያይ አንዳንዱ መኪና ሰዓቱን፣ የሬዲዮውን ቁጥርና ሌላም ትዝታውን ያጣል። የዛሬው ትምህርት ለአሮጌዎቹ ነው።

ፊደልና ቁጥር እዚህ ምን ይሠራል?

ውድ አንባቢዎች፣ ፊደል የተማራችሁት ለወረቀት ብቻ አይደለም። መኪናው ላይ የሚነበብ ነገር ሞልቷል። 12 ወይም 24 የሚለው ቁጥር ይነበባል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ይነበባል። ሁለቱን ምልክቶች ያልለየ ሰው ባትሪውን አገላብጦ ቢያስር ዲናሞው በአንድ አፍታ ሊቃጠል ይችላል።

በብዙ ማጥፊያዎች ላይ ያለው ጽሑፍ በፈረንጅ ፊደል ነው። «ኦን» ማለት በርቷል፣ «ኦፍ» ማለት ጠፍቷል ማለት ነው። የፈረንጁን ፊደል ለማያውቅ ሰው ሁለቱ ይምታቱበታል። ስለዚህ የራሳችሁን ጽሑፍ ጻፉበት። በነጭ ቀለም በአንዱ በኩል «በርቷል»፣ በሌላው በኩል «ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፉ።

በትንሽ ካርቶን ላይም «ባትሪው ጠፍቷል» ብላችሁ ጽፋችሁ ማታ ማታ መሪው ላይ አንጠልጥሉት። ጧት ሌላ ሰው መኪናውን ሊያስነሣ ቢመጣ አይደናገጥም። «መኪናው ተበላሸ» ብሎ መካኒክ አይጠራም። አንብቦ ያገናኛል፤ ይሄዳል። ሁለት ቃል ጽፋችሁ የአንድ ጧት ሥራ አዳናችሁ ማለት ነው።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። ባትሪው የተገዛበትን ቀን፣ ውሃ የተጨመረበትን ቀን፣ ባለሙያ ያየበትን ቀን ጻፉ። ባትሪው ሲደክም ደብተሩ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ማጥፊያው የማይፈውሰው በሽታ

ማጥፊያው ጥሩ ነው ማለት ሁሉን ያድናል ማለት አይደለም። የተላጠ ሽቦ ጧት መኪናው ሲነሣ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ያገኛል። ስለዚህ ባትሪው በሌሊት የሚያልቅበትን ምክንያት አስፈልጉ፤ ሽቦውንም አስጠግኑ። ማጥፊያው ሌሊቱን ይጠብቃል፤ ቀኑን የሚጠብቀው ጥገና ነው።

ባትሪው ተለያይቶም ቢሆን ለብዙ ሳምንታት ሲቀመጥ በራሱ ቀስ በቀስ ይደክማል። ረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ባትሪው አልፎ አልፎ ኃይል ይሞላ። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ወደ 12.2 ከወረደ እኩሌታው አልቋል። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውስጡን እዩ። ሰሌዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ከታዩ ለባትሪ የተጣራ ውሃ ጨምሩ። የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ አይሆንም። አሲድም አትጨምሩ። በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪውን ለይታችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፤ ከዚያም በጨርቅ አድርቁት።

ሌባንስ ይከለክላል? ቁልፉ የሚነቀል ማጥፊያ ለሌባው ሥራ ያከብድበታል። ነገር ግን መኪናው የማስጠንቀቂያ ጩኸት ካለው ባትሪው ሲለያይ ጩኸቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዘበኛውን አታሰናብቱ።

መኪና የሌላችሁም ሥራ አላችሁ

ባለ ከሰሉ፣ ባለ ድንቹ፣ ባለ እህሉ፤ ጭነታችሁ በመኪና ላይ የሚያድር ከሆነ ሹፌሩን ጠይቁት። «ወንድሜ፣ ባትሪውን ለይተኸዋል?» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም። ንብረቱ የእናንተ ነው። ልጃችሁ ረዳት ሆኖ መኪና ውስጥ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ማንበብ የሚችል ከሆነም እሱ ለእናንተ ያንብብላችሁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባትሪ በየሰዓቱ 1 አምፔር እየፈሰሰበት 24 ሰዓት ቢቆም ስንት አምፔር ሰዓት ይጎድልበታል?
2. ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈታው የትኛው ነው? ሲታሰርስ መጨረሻ የሚታሰረው?
3. ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማጥፊያውን ማጥፋት ለምን ጉዳት ያመጣል?
4. «ባትሪው ጠፍቷል» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጻፉ። አንዱን በካርቶን ላይ ጽፋችሁ መኪና ላለው ጎረቤታችሁ ስጡ።

ውድ አድማጮች፣ ውድ አንባቢዎች፣ ለዛሬ እዚህ ላይ ይበቃናል። ዛሬ ማታ መኪና የምታቆሙ ሁሉ ባትሪውን ሳትለዩ አትተኙ። በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።